ለፎቶው ምን ልልበስ?

መቼም በቤተሰብ ውስጥ ቀላል ከሚባሉት ጥያቄዎች አንዷ «ለፎቶው ምን እንልበስ?» የምትለዋ ሳትሆን አትቀርም። ቀላል ናት እንበል እንጂ ይህችው ጥያቄ የስንቱን ቤት የበዓል ዋዜማ አደፍርሳለች! አባት «ያ ኮቴ የት ገባ?» ይላል። «ይሄ ልጅ የተቀደደ ሱሪውን ካላወለቀ አብሬው አልቆምም» የሚል አጎት አይጠፋም። እናት ሁሉንም አልብሳ ስታበቃ የራሷን ትረሳለች፤ ፎቶ አንሺው «በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ወጥ የነካውን ቀሚሷን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ከዚያ ሁሉም ፀጥ ብሎ ወደ አንዲት መስታወት ያፈጣል። ቀጭ! አለቀ።

ጥያቄዋን ንቀን ስንተዋት ግን አብሮ የሚያልፈን ነገር አለ። ሰው በየቀኑ የሚለብሰው ለዚያ ቀን ነው፤ ለብርዱ፣ ለሥራው፣ መንገድ ላይ ለሚያየው ጎረቤት። ለፎቶ የሚለብሰው ግን ገና ላልተወለደ ሰው ጭምር ነው። የዛሬ 50 ዓመት አልበሙን የሚገልጠው የልጅ ልጅ አያቱን በሌላ በምንም ላያውቃት ይችላል። ድምፅዋን አልሰማም፤ ጉልበቷን አልሳመም፤ በእጁ ያለችው ያቺው ፎቶ ናት። ስለዚህ «ምን ልልበስ?» የምትለው ጥያቄ ውስጧ ሲታይ «ማን ተብዬ ልቅር?» ናት። ይህንን ስለ ሌላ ሰው ሆኖ የሚመልስ ደግሞ፣ ያውቀው አያውቀው እንጃ፣ ትልቅ ሥልጣን ነው የያዘው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «እንዳለን እንነሳ» ባይ ነው። ፎቶ እውነቱን ይያዝ ይላል። ዓመቱን ሙሉ በላስቲክ ጫማ የኖረ ሰው ለአንዲት ደቂቃ ከራቫት ቢያስር ራሱንም ልጆቹንም አታለለ፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባልስ አልሰማም ወይ? ሁለተኛው ወገን «አምረን እንነሳ» ባይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል። ያንን ማንም ውሸት አላለውም። ታዲያ ለልጅ ልጅ ዓይን መሰናዳት ምኑ ላይ ነው ነውሩ? ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ የሚያዩት ልብሱን ነው። ልብሱን የመረጠው ማን ነው ብለው ግን አይጠይቁም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ የድሮውን ፎቶ ቤት እናስታውስ። ዲጂታል ካሜራና የእጅ ስልክ ሳይመጡ በፊት በየከተማው የነበሩት ፎቶ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ ፏፏቴ ወይም አበባ ያለበት መጋረጃ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ማበጠሪያ፣ ሚስማር ላይ ደግሞ የተንጠለጠለ ኮትና ቀድሞ የታሰረ ከራቫት ነበራቸው። አንድ ገበሬ ከጉና ሥር ወደ ደብረ ታቦር ወርዶ ፎቶ ቤት ገባ እንበል። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በዚያ ውርጭ ገብስና ድንች አምራቹ፣ በግ አርቢው ሰው ኮት አያጣም፤ ያለው ኮት ግን ጋቢ የሚደረብበት፣ ሌሊት ከብት የሚጠበቅበት፣ እጅጌው የነተበ ኮት ነው። እሱን ያወልቅና ከሚስማሩ ላይ ያለውን ያጠልቃል። ኮቱ ትከሻው ላይ ይሰፋል። ከወገብ በታች አይታይምና ቁምጣው አያሳፍረውም። ደረቱን ነፍቶ ይነሳል።

ይህ ፎቶ ውሸት ነው? «እንዳለን እንነሳ» ባዩ አዎን ይላል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ያ ገበሬ ማንንም አላታለለም። ሰፈርተኛው ሁሉ ኮቱ የፎቶ ቤቱ መሆኑን ያውቃል፤ እነሱም ለብሰውታላ! ሰውዬው «ይህ ኮት የኔ ነው» አላለም። ያለው «እኔም እንደዚህ መታየት የሚገባኝ ሰው ነኝ» ነው። በሀገራችን ፎቶግራፍ ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥት በኩል እንደነበር አንርሳ። ከምኒልክ ዘመን አንስቶ የነገሥታቱ ፎቶ አንሺዎች የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ በመስታወታቸው ፊት ያቆሙት በአብዛኛው ካባ የደረበውን፣ ዘውድ የደፋውን ነበር። ፎቶው እየረከሰ ወደ ተራው ሰው ሲወርድ ተራው ሰው ወጉንም አብሮ ወረሰ። ከሚስማር ላይ የወረደችው ኮት የድሃው ካባ ናት። የተዋሰው ኮቱን ነው እንጂ ምኞቱ የራሱ ነው።

ከፎቶም በፊት ቢሆን እንዲሁ ነበር። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ተደፍተዋል፤ ያም ሆኖ የተደፉት በክብር ልብሳቸው ነው። ሰዓሊው የንግሥቲቱን ትሕትና ለማሳየት ቡትቶ አላለበሳቸውም። «እኔ ንግሥቲቱ እንኳ እዚህ እወድቃለሁ» የሚለው ነገር የሚታየው ልብሱ ሲኖር ነው። አጊጦ መታየትና እውነት መናገር የግድ ጠላት እንዳልሆኑ ያ ሥዕል ጥሩ ምስክር ነው።

ሌላም ወግ አለ። ፎቶ ባልነበረበት ዘመን በጎንደርም በጎጃምም ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ የሟቹ ልብስ ይወጣ ነበር። ጠመንጃው ይወጣል፤ ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል። አልቃሿ ልብሱን እያየች ነው ሙሾ የምታወርደው። ዛሬ ያንን ቦታ በብዛት ፎቶ ይዞታል። ለቀስተኛው ደረቱ ላይ አስጠግቶ የሚይዘው፣ አንዳንዴም ወደ ላይ የሚያነሳው የሟቹን ፎቶ ነው፤ የምረቃ ጋውን የለበሰበትን፣ ሙሽራ የሆነችበትን። እንግዲህ በእኛ ሀገር ልብስ ለሰው ምስል ሆኖ የቆመው ካሜራ ሳይመጣ በፊት ነው። ቤተሰብ ለፎቶ ልብስ ሲመርጥ አንድ ቀን በለቅሶ የሚያዘውን ምስል እየመረጠ ሊሆን ይችላል። የትኛው ፎቶ የመጨረሻው እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ግድግዳውን የሞሉትን ፊቶች አይረሳም። አብዛኞቹ ለጋ ወጣቶች ናቸው። ለመታወቂያ ወይም ለጓደኛ መስጫ ብለው የተነሱት ጉርድ ፎቶ ነው በሙዚየም ግድግዳ ላይ ስለ እነሱ ቆሞ የሚናገረው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እንይ። ለዚህም ከደብረ ታቦር መራቅ አያስፈልግም፤ ታሪኩ የሚነሳው ከዚያው ነው። ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው አጠገቧ ባለችው ጋፋት ነው። የዚያ ቤት ሰዎች፣ አባት፣ እናትና ልጅ፣ አብረው የተነሱት ፎቶ የለም። ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶም አይታወቅም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ አስከሬናቸውን የሳለው ሰዓሊ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ ነበር። በእሱ እጅ የገባው የፀጉራቸው ዘለላ ለንደን በሚገኝ የጦር ሙዚየም ቆይቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ወደ ባሕር ሲወሰዱ መንገድ ላይ ታመው አረፉ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ብቻውን ቀረ።

ልዑሉ እንግሊዝ በደረሰበት በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ላይ ፎቶ ተነሳ። ፎቶ አንሺዋ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ልጁ የሀገሩን ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ጌጥ አለ። ቀደም ሲል ለቴዎድሮስ አገልግሎ የነበረው፣ አማርኛ የሚናገረው፣ በእንግሊዝም ልጁን የያዘው ካፒቴን ስፒዲም እንደ ኢትዮጵያ ጦረኛ ለብሶ ተነስቷል። ልጁ ስፒዲን ይወደው እንደነበር ታሪኩ ይናገራል። ከዓመታት በኋላ የተነሳቸው ፎቶዎች ደግሞ አሉ፤ በእነዚያ ላይ በእንግሊዝ ወግ ኮት የለበሰ ተማሪ ሆኖ እናየዋለን። በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልቀበልም ብሏል።

ሁለቱን ፎቶዎች፣ የገበሬውንና የልዑሉን፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ገበሬው የለበሰው የሰው ኮት ነው። ልዑሉ የለበሰው የሀገሩን ልብስ ነው። በ«እንዳለን እንነሳ» ሚዛን ከሄድን የልዑሉ ፎቶ እውነት፣ የገበሬው ውሸት ሊሆን ነው። ፎቶዎቹን የሚያይ ሰው ልብ ግን እንዲህ አይፈርድም። ገበሬው ከፎቶው ውስጥ ሆኖ እኛን ያየናል፤ ልዑሉ ግን የሚታይ ብቻ ነው። ያ ነጭ ልብስ የእንግሊዝን ሰው «የሐበሻው ንጉሥ ልጅ» ምን እንደሚመስል ሊያሳይ የተለበሰ ነው። ኋላ የመጣውም ኮት «አሁን ደግሞ እንደኛ ሆነ» ለማለት ነው። አንዱ ከሀገር ቤት፣ ሌላው ከባዕድ ሀገር የመጣ ልብስ ቢሆንም መራጮቹ ሌሎች ናቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ እውነት ነው። የራስ ወርቅም ቢሆን ሌላ ሰው ለራሱ ጉዳይ ሲያጠልቅልህ አያደምቅም።

«ይሄ የነገሥታትና የወራሪዎች ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘናል።

ዛሬ ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዱ ባሕር ዳር የሆነ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። እናት ጉና ሥር አለች። ልጆቹ ተሰባስበው የሚመጡበት ቀን ይቆረጥና «በዚያውም የቤተሰብ ፎቶ እንነሳ» ይባላል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ልጅ ይመጣል። የመጀመሪያው ከሽሮ ሜዳ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት አሰፍቶ የሚመጣው ነው። ለእናት ቀሚስ፣ ለአባት ሙሉ ነጭ፣ ለሕፃኑ ሳይቀር በልኩ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። በየሀገሩ የተበተነ ቤተሰብ ቢያንስ በጥለት አንድ ልሁን ቢል ማን ይፈርድበታል? ችግሩ የሚመጣው እናት በአዲሱ ቀሚስ ውስጥ ስትጠፋ ነው። «ነጠላውን እንዲህ አድርጊው፣ አንገትሽ ላይ ያለው ንቅሳት እንዳይታይ።» «እሱን መቀነት አውልቂው፤ ቀለሙ አይሄድም።» ያቺን ንቅሳት በልጅነቷ ስትነቀስ የታገሰችው ሕመም አለ። ያቺን መቀነት የገዛላት ሰው አለ። ቀለሙ ከነማን ጋር ነው የማይሄደው?

ሁለተኛው ልጅ የተማረ ነው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ልጅ ጋር ይጣላል። «እናቴን አሻንጉሊት አታድርጓት! እንዳለች ትነሳ!» ይላል። አዲሱን ቀሚስ አስወልቆ የዘወትሩን ያስለብሳታል። ጭስ የጠጣው ጎጆ ደጃፍ ላይ ያስቀምጣታል፤ ከተቻለም እንዝርቷን ያስይዛታል። ፎቶው ያምራል፤ ያየው ሁሉ «ዋው፣ ባህላችን!» ይላል። እናት ግን ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው አንድ ቀን ከዚያ ጭስ ወጥታ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ መነሳት ነበር። ይህ ልጅ ለእውነት የቆመ ይመስለዋል። ያደረገው ግን በዋይት ደሴት ላይ የተደረገውን ነው። የናፈቀውን ልጅነቱን በእናቱ ገላ ላይ አለበሰው። ለኔ ከሁለቱ የባሰው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቢያንስ ማልበሱን ያውቃል።

«ጠይቀናታል እኮ፤ ‹እናንተ ደስ ካላችሁ ምን ቸገረኝ› ብላለች» ይባል ይሆናል። የሀገራችንን እናት የሚያውቅ ሰው ይህን መልስ እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም። «እናንተ ደስ ካላችሁ» የይሉኝታ ቋንቋ ነው። እንጀራ ሲያንስም «እኔ ጠግቤያለሁ» የምትለው እሷው ናት። ሲጠይቋት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመልሰው መልስ የእኛን ፍላጎት ነው። የራሷን ለመስማት ጊዜ ያስፈልጋል። አባትም ቢሆን ያው ነው። ዝናሩን ታጥቆ ጠመንጃውን ይዞ መነሳት ያማረው ሽማግሌ፣ ልጁ «ኧረ አባ፣ ይሄ ነገር አያስፈልግም» ካለው ዝም ይላል፤ አኩርፎ መሆኑን የሚያውቀው ፎቶው ሲታጠብ ነው።

ሌላው መቃወሚያ ደግሞ ጠንከር ይላል፤ «ሁሉም የመሰለውን ከለበሰ ፎቶው ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ቤተሰብ እኮ አንድነት ነው።» አዎን፣ አንድነት ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰብን ቤተሰብ ያደረገው መመሳሰሉ ቢሆን ኖሮ በአንድ መለዮ የሚሰለፍ ጦር ሁሉ ቤተሰብ በሆነ ነበር። የአንድ እናት ልጆች የአንዱ ጎፈሬ፣ የአንዱ ራሰ በራነት፣ የአንዷ መስቀል፣ የሌላዋ የቀላች ጥፍር በአንድ ካርድ ላይ ሲያርፉ፣ ሁሉም ተቻችለው ትከሻ ለትከሻ መቆማቸው ራሱ ትልቅ ወሬ ነው። አንድ ዓይነት ልብስ ሁሉም ወዶ ከለበሰው ደግ ነው። አንዱ ወዶ ሌሎቹን ካለበሰ ግን ፎቶው የቤተሰቡ መሆኑ ቀርቶ የዚያ የአንዱ ፎቶ ይሆናል። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚሉትም ይህን ዓይነቱን ሳይሆን አይቀርም።

ሕፃናትስ? ሕፃን ልጅ ራሱ አይመርጥም፤ ወላጅ ይመርጥለታል፤ ግድ ነው። በአደራ የሚመረጥ ነገር ግን እንደ አደራ ይያዝ። ልጁ አድጎ ሲያየው «ለምን እንዲህ አደረጋችሁኝ?» ብሎ የማይጠይቅበትን መምረጥ፤ ለጎረቤት ማስቀኛ ወይም ለወላጅ ኩራት ማሳያ የሆነውን መተው። ያ ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ሸሚዝ አንዱን የመምረጥ መብት አያንሰውም።

እንግዲህ «ምን ልልበስ?» ለሚል ሰው ምክሬ አጭር ነው። የተዋስከውም ይሁን፣ አዲስ የተሰፋው፣ ወይም የነተበው፣ ለብሰኸው መስታወት ፊት ቆመህ «አዎ፣ ይህ እኔ ነኝ፤ ልሆን የምወደውም ይህ ነው» ካልክ ያ ልብስ አላታለለም። «እናቴን ምን ላልብሳት?» ለሚለው ግን ጥያቄውን ይቀይረው እለዋለሁ። «እናት ዓለም፣ አንቺ የትኛውን ትወጂዋለሽ?» ይበላት። መጀመሪያ «እናንተ ደስ ካላችሁ» ትላለች። ሁለተኛም ያንኑ ትላለች። ሦስተኛ ስትጠየቅ ምናልባት ሣጥኑን ታስከፍት ይሆናል። ከሣጥኑ የሚወጣው ቀሚስ ማንም የማያውቀው፣ ለማን ሠርግ እንደተሰፋ እሷ ብቻ የምታስታውሰው፣ የእጥፋቱ መስመር የማይለቅ ሊሆን ይችላል። ከሌሎቹ ቀለም ጋር አይሄድም። ፎቶ አንሺው ቅር ይለዋል።

ቅር ይበለው። ታሪኩን ጠይቋትና ከፎቶው ጀርባ ጻፉት።